«ክሩ ራሱ ይሟሟል» ሲባል የትኛው ክር ነው?

የማህፀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ሰበታ ወይም ለገጣፎ የሚመለሱ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ሁሉም ክር የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ሆድ ግን የሚሰፋው በንብርብር ነው። ጡንቻውን የሸፈነው ጠንካራ ሽፋን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ በሚሟሟ ክር ይሰፋል፤ አንዳንዱ ሟሙቶ ለማለቅ 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ቆዳው ቢገጥምም ይህ ሽፋን ቶሎ አይጠነክርም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አታንሺ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ስፌቱ ውስጥ ውስጡን ከላላ አንጀት ገፍቶ ሊወጣ ይችላል።

የላይኛው ቆዳ በናይለን ክር ወይም በስቴፕል (በትንንሽ የብረት ማያያዣ) ከተያዘ አይሟሟም፣ መነሳት አለበት፦ አግድም ቁስል ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን፣ ቁልቁል ከሆነ እስከ 14 ቀን። ከዘገየ የመሰላል ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣትሽ በፊት «የቆዳዬ ክር ይነሳል? መቼ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቀኑን በመውጫ ወረቀትሽ ላይ አጽፊ።

ጠባሳው መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ይጠጥራል፣ ዙሪያው ይደነዝዛል፤ መልኩ እስከ 1 ዓመትና ከዚያም በላይ ይለወጣል። በባልሽ ፊት ልብስ ማውለቅ ካሳፈረሽ ይህም ለሐኪም የሚነገር ነው፣ ቅንጦት አይደለም። ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ኬሎይድ ይባላል፤ በመርፌ ይታከማል። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካለ ግን በዚያው ቀን መታየት አለብሽ።