በድራፍት መመረጥ ውል መፈረም አይደለም

ድራፍት ክለቦች በየተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። «እገሌ በድራፍት ተመረጠ» ሲባል ብዙ ሰው ልጁ ፕሮፌሽናል የሆነ ይመስለዋል። ገና ነው። በአሜሪካው የእግር ኳስ ሊግ (ሜጀር ሊግ ሶከር) ድራፍት፣ ማለትም በሱፐርድራፍት፣ ክለቡ የሚያገኘው የቅድሚያ መብት ብቻ ነው፤ ሌላ የሊጉ ክለብ ልጁን ዝም ብሎ ሊያስፈርመው አይችልም። ደመወዝ ገና አልተወሰነም። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር ልምምድ ገብቶ፣ አሰልጣኙን አሳምኖ ነው የሚፈርመው። ካልተሳካለት ይሸኛል። ውጭ አገር ክለብ መፈለግም መብቱ ነው።

ጄኔሬሽን አዲዳስ በሚባለው የሊጉ ፕሮግራም የሚገቡት ተጫዋቾች ይለያሉ። እነሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርሱ አስቀድመው ከሊጉ ጋር ይፈርማሉ። በ2015 አንደኛ የተመረጠው ሳይል ላሪን ከኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ወደ ኦርላንዶ ሲቲ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ውላቸው ወደፊት ትምህርት ለመጨረስ የሚሆን ገንዘብም ይይዛል። ወላጆች፣ ከደመወዙ በፊት ይህችን አንቀጽ ፈልጓት።