«አንድ ንጹሕ ሰው ከሚቀጣ ዐሥር ወንጀለኞች ቢያመልጡ ይሻላል»፦ የአባባሉ ምንጭና ትርጓሜ

ጠበቆች በመከላከያ ክርክራቸው፣ ዳኞች በፍርድ ሐተታቸው፣ የሕግ መምህራንም ገና በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ አባባል አለ፤ «አንድ ንጹሕ ሰው ያለ ጥፋቱ ከሚቀጣ ዐሥር ወንጀለኞች ቢያመልጡ ይሻላል» የሚለው። ይሁን እንጂ ይህ አባባል የሚጠቀሰውን ያህል በትክክል አይተረጎምም። ልጁ የተገደለበት ወላጅ ይህን ቃል ሲሰማ «ታዲያ የልጄ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር ማለት ነው?» ብሎ ቢቈጣ አይፈረድበትም። ቍጣው ከልብ የሚሰጥ መልስ ይገባዋል፤ እኔም መልሱ ከራሱ ከአባባሉ ቃላት የሚጀምር ይመስለኛል።

የአባባሉ ክብደት ያረፈው «ይሻላል» በሚለው ግሥ ላይ ነው። የታመመ ሰው «ዛሬ ይሻለኛል» ሲል ድኛለሁ ማለቱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ አባባሉም የወንጀለኛን ማምለጥ መልካም ነገር ነው አይልም፤ ሁለት ክፉ ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንደኛው ከሌላው የከፋ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ዳኛ ያላየውን ነገር፣ አየን በሚሉ ሰዎች ቃልና በተሰበሰበ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚፈርድ ሰው ስለሆነ አልፎ አልፎ መሳሳቱ አይቀርም። አባባሉ የሚመልሰው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ስሕተቱ ካልቀረ፣ ወደ የትኛው ወገን ያዘንብል?

በዛሬው መልኩ አባባሉ የሚጠቀሰው ከእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ከዊልያም ብላክስቶን ሲሆን፣ እርሱም ይህን ቃል ያሰፈረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1769 በታተመው የእንግሊዝ ሕግ ሐተታው አራተኛ ቅጽ ውስጥ ነው (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ግን ከእርሱ እጅግ ይቀድማል። ከብላክስቶን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ጆን ፎርተስኪው የተባለው የእንግሊዝ ዳኛ ቍጥሩን ሃያ አድርጎት ነበር፤ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ ሺህ አድርሶታል፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ በ1785 በጻፈው ደብዳቤ መቶ ብሎታል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራጃን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ በጥርጣሬ ብቻ ማንም ሊፈረድበት እንደማይገባና ንጹሑን ከመኰነን የበደለኛው ጥፋት ሳይቀጣ ቢቀር እንደሚሻል ለአንድ ሹሙ ጽፎ ነበር፤ ይህም ቃል በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዩስቲንያን ዘመን በተጠናቀረው የሮማ ሕግ ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም መሪ በመቅጣት ከሚሳሳት በይቅርታ ቢሳሳት እንደሚሻል የሚገልጸውን ሐዲስ ይጠቅሳሉ። ቍጥሩ ከአምስት እስከ ሺህ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ የሚዛኑ ዘንበል ያለበት ወገን ግን በየትም አልተለወጠም።

የሐሳቡን ሥር ፍለጋ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ነው። አብርሃም ስለ ሰዶም «በውኑ ጻድቁን ከኃጢአተኛ ጋር ታጠፋለህን?» ብሎ ጠይቆ፣ ከአምሳ ጻድቃን ጀምሮ ዐሥር እስኪደርስ ድረስ ይለምናል። በዚያ ታሪክ ዐሥሩ ጻድቃን እንጂ ጥፋተኞች አይደሉም፤ ከተማይቱም ከነበደለኞቿ ስለ እነርሱ ስትል ትተርፍ ዘንድ ነው ልመናው።

ከእኛው ተረትና ምሳሌ ውስጥ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚለው ለዚህ አባባል የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ አንድ አይደሉም። የበቅሎዋ ምሳሌ የሚናገረው ስለ ሥርዓቱ ሲሆን፣ ሰው በአግባቡ ተሰምቶ ከተፈረደበት ትልቁንም ኪሳራ እንደሚችለው ያስተምራል። የዐሥሩ ወንጀለኞች አባባል ደግሞ ሥርዓቱ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ፍርዱ ሊሳሳት እንደሚችል አምኖ ይነሣል።

አባባሉ በሕግ ውስጥ ሥጋ ለብሶ የሚገኘው በሦስት መርሖች ነው፦ ተከሳሽ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የማስረጃውም ልክ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መሆን አለበት። የመጀመሪያው መርሕ በ1966 በጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ላይ ሰፍሯል።

አሁን ወደ ወላጁ ቍጣ እንመለስ። አባባሉ አንዱን ንጹሕ በአንድ ወገን፣ ያመለጡትን ጥፋተኞች በሌላ ወገን ስላስቀመጠ፣ ንጹሑ ሲቀጣ ቢያንስ ወንጀለኛው አላመለጠም የሚል ስሜት ያሳድራል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንጀሉን ያልፈጸመ ሰው በተፈረደበት ቀን የፈጸመው ሰው ያመልጣል፤ መዝገቡም ስለሚዘጋ የሚፈልገው አይኖርም። በ1950 ለንደን ውስጥ ቲሞቲ ኢቫንስ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ሕፃን ልጁን ገድሏል ተብሎ ተሰቀለ። ለፖሊስ የሰጠው የእምነት ቃል ቀርቦበት ነበር፤ በችሎት ግን ገዳዩ በዚያው ቤት የሚኖረው ጎረቤቱ ጆን ክሪስቲ ነው ብሎ ሲጮኽ ሰሚ አላገኘም። ክሪስቲ ራሱ የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ሆኖ ቆመ። ግቢው ሲፈተሽ የአትክልቱን አጥር ደግፎ የቆመው ነገር የሰው ጭን አጥንት መሆኑን እንኳ ያስተዋለ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ በክሪስቲ ቤት ውስጥ የሴቶች አስከሬን ሲገኝ፣ ኢቫንስ ከተሰቀለ ወዲህ የራሱን ሚስት ጨምሮ አራት ሴቶችን መግደሉ ታወቀ። ለኢቫንስ ይቅርታ የተደረገለት በ1966 ነው። ስለዚህ ለተበዳይ ቤተሰብ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ንጹሑን የሚጠብቀው ጥንቃቄ የሟችንም ደም ይጠብቃል።

ብዙዎች አባባሉ የሚጣሰው በችሎት ላይ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳኛው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት በምርመራ ክፍል ተጥሶ ያለቀ ነው ብዬ አምናለሁ። በአሜሪካ የዘረ መል ምርመራ ንጽሕናቸውን ካረጋገጠላቸው እስረኞች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ «እርሱ ነው» ብሎ የተሳሳተ የዐይን ምስክር ነበረባቸው። አብዛኞቹ እነዚህ ምስክሮች ውሸታሞች አልነበሩም፤ ከልባቸው አምነው የተናገሩ ናቸው፤ አስፈሪነቱም በዚሁ ላይ ነው። በድካምና በማስፈራራት የሚገኝ የእምነት ቃልም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ከተፈረመ በኋላ ሌላው ማስረጃ ሁሉ በእርሱ መነጽር ይታያል።

ጃፓናዊው የቀድሞ ቦክሰኛ ኢዋዎ ሐካማዳ በ1966 አራት ሰዎችን ገድሏል ተብሎ ሲያዝ፣ ወደ ሃያ ቀን ገደማ ከዘለቀ ምርመራ በኋላ አመነ፤ በችሎት ግን ቃሉን ካደ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ ሚሶ የተባለው የአኩሪ አተር ሊጥ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደም የነካቸው ልብሶች ተገኙ ተባለ፤ በ1968ም ሞት ተፈረደበት፤ ኋላ በይግባኙ ክርክር ሱሪው ሲለካ ባይገባለትም ፍርዱ ጸና። መጀመሪያ ከፈረዱበት ሦስት ዳኞች አንዱ የነበረው ኖሪሚቺ ኩማሞቶ ሰውዬው ንጹሕ ነው ብሎ ቢያምንም በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ፤ የሞቱን ፍርድ ሐተታ በገዛ እጁ እንዲጽፍም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ዳኝነቱን ለቀቀ፤ በ2007 ምስጢሩን በአደባባይ ተናገረ። ሐካማዳ በ2014 ከእስር ወጣ፤ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው የተቀነባበረ ነው ብሎ በነጻ ያሰናበተው ግን በመስከረም ወር 2024፣ በ88 ዓመቱ ነው። ኩማሞቶ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። የሐካማዳም አእምሮ በእስሩ ዘመን ክፉኛ ስለ ተጎዳ ችሎት መቅረብ አልቻለም፤ «ንጹሕ ነው» የሚለውን ቃል በእርሱ ፈንታ ቆማ የሰማችለት፣ ስለ እርሱ ስትሟገት ያረጀችው የ91 ዓመት እኅቱ ነበረች።