የድምፅ ጥበብ ሥራ ሲቀረፅ ቅጂው የማን ነው?

በፒያሳና በአራት ኪሎ አዳራሾች የሚቀርቡ የድምፅ ጥበብ ሥራዎችን (ድምፅን ራሱን እንደ ቁሳቁስ ተጠቅመው የሚሠሩ የጥበብ ሥራዎችን) የሚቀርፁ አባሎቻችን «የቀረፅኩት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ነው»፣ «የለም፣ የአርቲስቱ ነው» እያሉ ደጋግመው ይከራከራሉ፤ ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን አመንጪ መብት፣ ቀረፃውን ካነሳሳውና ኃላፊነቱን ከወሰደው ፕሮዲዩሰር መብት ለይቶ ያያል።

ለምሳሌ አንዲት አርቲስት በአንድ ክፍል ስምንት ድምፅ ማጉያዎችን ሰቅላ፣ የታክሲ ረዳቶችን ጥሪና ቆርቆሮ ጣሪያን የሚመታ ዝናብን በራሷ ቅደም ተከተል አሰማች እንበል። የረዳቱን «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ማንም የግሌ ሊለው አይችልም፤ ምርጫው፣ ቅደም ተከተሉና ቅንብሩ ግን የእሷ ፈጠራ ነው። አንድ ጎብኚ ክፍሉን እየዞረ ቢቀርፅ፣ በቀረፃው ላይ የራሱ መብት ሊኖረው ቢችል እንኳ፣ ያለ እሷ ፈቃድ አባዝቶ ሊሸጠው አይችልም። «የቀረፅኩት ሥራውን ሳይሆን እኔ ከቆምኩበት የተሰማውን ነው» የሚለው ሙግት ለጥበብ ውይይት ደስ ይላል እንጂ ከፈቃድ አያድንም። የዝግጅቱ አዘጋጅ በራሱ ወጪና ኃላፊነት ባለሙያ ቀጥሮ ካስቀረፀ ደግሞ፣ ማይክሮፎን መያዝ ብቻውን ባለሙያውን ፕሮዲዩሰር አያደርገውም።

የአመንጪዋ የኢኮኖሚ መብት (ሥራውን የማባዛትና የመሸጥን የመሰለው መብት) በሕይወት ዘመኗና ከሞተች በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የፕሮዲዩሰሩም ቀረፃው ከታተመ ጀምሮ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይህ እርግጥ ነው። ጎብኚ እንዲቀርፅ መፈቀዱና የሽያጭ ገቢው አከፋፈል ግን እንደየአዳራሹ ደንብና እንደየውሉ ይለያያል።