ድልድዩን የማይሻገር ፈቃድ

በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ፍርድ ቤት የሚሰጠው ሽጉጥን ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ብዙ ወገኖቻችን እንደ መንጃ ፈቃድ በየግዛቱ የሚሠራ ይመስላቸዋል፤ ሆኖም ሜሪላንድም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። ስለዚህ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ ሰው፣ ሽጉጡን በወገቡ እንደታጠቀ በመካከል ያለውን የፖቶማክን ወንዝ ከተሻገረ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአላፊ መንገደኛ ከለላ የሚሰጠው፣ በመነሻውም በመድረሻውም መሣሪያውን መያዝ የተፈቀደለት ሲሆንና ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ፣ ከተሳፋሪዎች እጅ ርቆ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲቀመጥ ነው።

በዚያው በቨርጂኒያም ቢሆን፣ ሽጉጥ ሸሽጎ መጠጥ ወደሚሸጥበት ምግብ ቤት የገባ ሰው አንድ ብርሌ ጠጅ እንኳ መቅመስ አይፈቀድለትም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቁጣ ነው። ፈቃዱ መታጠቅን እንጂ ማስፈራራትን አይፈቅድም፤ በመኪና ማቆሚያ ጠብ መካከል ሸሚዝን ገልጦ ሽጉጥን በሚያስፈራ አኳኋን ማሳየት፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስ፣ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል። የታጠቀ ሰው ቢሰደብም አንገቱን ደፍቶ መሄድን ከቤቱ ሳይወጣ ሊወስን ይገባል።