ስለ ዲስቶርሽንና ኦቨርድራይቭ ፔዳል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ በሆቴልና በሠርግ መድረክ የሚጫወቱ ጊታሪስቶች የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን) ሊገዙ ሲመካከሩ ደጋግመው የሚነሡ አባባሎች አሉ፤ ብዙዎቹ ከፊል እውነት ስላለባቸው ለማረም ያስቸግራሉ።

«ዲስቶርሽን ማለት ጠንከር ያለ ኦቨርድራይቭ ነው።»

ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው ቦስ ዲኤስ-1 በተባለው ዲስቶርሽን ፔዳል ውስጥ ዳዮዶቹ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፉ ትንንሽ ክፍሎች) የጎላውን ሞገድ ከፔዳሉ የውስጥ ማጉያ በኋላ ጫፉን ስለሚቆርጡት ድምፁ በአንድ ጊዜ ይሻክራል። በአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ኦቨርድራይቭ ግን ዳዮዶቹ የተቀመጡት ከማጉያው መውጫ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መስመር ላይ በመሆኑ የሞገዱ ጫፍ ለስለስ ብሎ ይጠጋጋል፤ ክሩን ቀስ ብለው ሲመቱት ድምፁ ይጠራል፣ ሲያጠብቁት ይሻክራል። በስሙ ተታልለው ውስጡ ቲዩብ (የመስታወት ማጉያ ቱቦ) ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ የለበትም።

«ጌይኑ በጨመረ ቁጥር ሶሎው ጎልቶ ይሰማል።»

እኔም ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለማመድ ጌይኑን (የማጉላቱን መጠን) እስከ መጨረሻው አዙሬ ረክቼ ነበር፤ መድረክ ላይ ከኪቦርድና ከድራም ጋር ሲሆን ግን ከንብ መንጋ ጩኸት በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም። ጌይን ሲበዛ የደካማውና የብርቱው ምት ልዩነት ይጠፋል። ጊታርን ከሌሎች መሣሪያዎች መሃል የሚያወጣው መካከለኛው ድምፅ ነው፤ ቲዩብ ስክሪመር ተወዳጅ የሆነውም በ720 ኸርዝ (በሰከንድ 720 ንዝረት) አካባቢ ያለውን አጉልቶ ወፍራሙን ለቤዝ ጊታር ስለሚተው ነው።

«ጥሩ ፔዳል የትም ቢሰካ ጥሩ ነው።»

ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያስከስረው ይህ ነው። በብዙ መድረክ የጊታር አምፕሊፋየር ስለማይኖር ገመዱ ከፔዳሉ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል። የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በእጅጉ ስለሚቀንስ የዲስቶርሽኑን ፍጭርጭር ይደብቃል፤ የአዳራሹ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣዋል፤ ሱቅ ውስጥ በአምፕሊፋየር ሲሞከር ያማረው ፔዳልም ጆሮ የሚወጋ ይሆናል። ስለዚህ ሚክሰር ላይ የሚጫወት ሰው የስፒከሩን ጠባይ የሚተካ ካቢኔት ሲሙሌተር ቢጨምር፣ ይህ ካልተቻለ ለስላሳ ኦቨርድራይቭ መርጦ የቶን ማዞሪያውን ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል።

«ዲስቶርሽን ለአገራችን ዜማ አይሆንም።»

የሚወሰነው ምን እንደሚጫወቱበት ነው። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት አንድ በአንድ የሚሄድ ዜማ በዲስቶርሽን ድምፁ ስለሚረዝም ከጥርት ጊታር ይልቅ ወደ ዘፋኙ ድምፅ ይቀርባል። ችግሩ ኮርድ ላይ ነው። ሁለት ድምፆች አብረው ሲሻክሩ የድምራቸውና የልዩነታቸው ድምፅ ይወለዳል፤ 200 እና 300 ኸርዝ አብረው ሲመቱ የሚወጣው 100 ኸርዝ ከታችኛው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ በመሆኑ ይስማማል፣ ሌሎች ጥምረቶች ግን ይደፈርሳሉ። ኮርድ የሚያበዛ ሰው ጌይኑን ይቀንስ።

«ፔዳሉ ካጉረመረመ ተበላሽቷል።»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ የጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ከመብራት መስመር የሚስበውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ፔዳሉ አብሮ እያጎላው ነው፤ ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ያለው ጊታር ይህን ይቀንሳል። ርካሽ አዳፕተርም ሊያመጣው ይችላል። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር ስለሚፈልጉ ከመሰካት በፊት ከመሰኪያው አጠገብ ያለውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል።