«ሆድ ይፍጀው»፦ ማን ማንን ነው የሚፈጀው?

ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው የሚያንገበግብ ነገር ደርሶበት ዝርዝሩን ማውራት ካልፈለገ በአጭሩ ይዘጋዋል፦ «ተወው፣ ሆድ ይፍጀው።» ከዚያ ወዲያ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ ገበያው ይዞራል። አባባሉ አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ ይታወቃል። ገበናን መሸፈንና «ቻይ» መባል ትልቅ ክብር በሆነበት በጎጃም ግን ክብደቱ ይበረታል።

ሆድ እዚህ ላይ ምስጢር፣ ቂምና ሐዘን የሚቀመጥበት ነው። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ባባ፣ የሆዴን አጫወትኩት እንደምንለው። መፍጀት ደግሞ ማቃጠልም መጨረስም ነው። ስለዚህ ተናጋሪው የሚለው «ለሰው ከማወጣው እዚያው ሆዴ ውስጥ ተቃጥሎ ይለቅ» ነው።

እኔ እንደማየው አባባሉ ከአገሩ ኑሮ የወጣ ነው። ወንድም ከወንድሙ በርስት በሚካሰስበት፣ ቂም ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድበት ዘመን አንዲት ያመለጠች ቃል ደም ታፋስስ ነበር። ሽማግሌ የሁለቱን ወገን ክፉ ቃል ሰምቶ ሆዱ ውስጥ ካላስቀረው እርቅ የለም። የንስሐ አባትም እንደዚያው። እዚህ ላይ «ሆድ ይፍጀው» ትልቅ ጥበብ ነው፤ ዛሬም ቢሆን የሰውን ገበና የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል።

ችግሩ የሚመጣው የራሳችንን ጭንቀት ስንቀብርበት ነው። ያኔ ሆድ ነገሩን አይፈጀውም። ነገሩ ነው ሆድን የሚፈጀው።

ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በየቀኑ ያዩታል። አንዲት እናት ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን ይነድለኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ ብለው ይመጣሉ። ምርመራው ምንም አያሳይም። ባለሙያው «እናቴ፣ የሚያሳስብዎት ነገር ይኖር ይሆን?» ሲላቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው «ኧረ ተወው ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው» ይላሉ። የራስ ምታት ኪኒን ይዘው ይሄዳሉ። ከወር በኋላ ያንኑ ሕመም ይዘው ይመለሳሉ።

እኚህ እናት አላስመሰሉም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ፈተና፣ ከአማት ጋር ያለ ኩርፊያ ግን አንድ ቀን መጥቶ የሚያልፍ አደጋ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ያንኑ ነገር ያስደግማል። እንዲህ የሰነበተ ሰው ምንም ሳይሠራ ይደክመዋል። ዕቃ ያስቀመጠበት ይጠፋዋል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ የሚነገረው አይገባውም።

«አታስበው» የሚለው ምክርም አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው። ድቡ እየደጋገመ መጣባቸው። ማሰብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከመጀመሪያውም ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች ይልቅ ስለ ድቡ አብዝተው አሰቡ። ታፍኖ የቆየ ሐሳብ እንዲህ ነው።

የጎጃም ሴቶች ይህን ያለ ጥናት ያወቁት ይመስለኛል። ሌሊት ተነሥታ ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት ባሏን ወይም አማቷን ፊት ለፊት የማትለውን በእንጉርጉሮ ታወጣዋለች። ስንኙ ጠምዘዝ ያለ ነው፤ ስም አይጠራም። የሚሰማው ይሰማል፣ «ምን አልሽ?» ብሎ የሚጣላ የለም። ገበናዋም ተሸፍኖ ይቀራል፣ እሷም ይቀላታል። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ከዚያ ከባድ ድካም ተገላገለች፤ እሰየው። ማንጎራጎሪያዋ ግን አብሮ ሄደ፤ በምትኩ የመጣላት ነገር አይታየኝም።

ያው አገር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረትም አለው። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። አንዱ የሌላውን ምስጢር ስለ መያዝ ነው፣ ሌላው የራስን ቁስል ስለ ማሳየት። ለማን ይነገር ለሚለው፣ አገር ምድሩ ይስማው ማለት አይደለም። ቡና ላይ ሰው ሲበተን የቀረች አንዲት ጎረቤት ትበቃለች። የንስሐ አባት፣ ወይ አብሮ አደግ ጓደኛም ይሆናል። የሚሰማው ሰውም «ቻለው እንግዲህ» ብሎ ቶሎ ባይዘጋው መልካም ነው።

እንቅልፉ ለሳምንታት ከራቀ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ወይም መኖር የሚያስመርር ሐሳብ ከመጣ ግን ጎረቤት ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕክምና ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ሆስፒታል ውስጥ ይሰጣል። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ራስ ምታቱን ብቻ አትንገሩት። ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁን ነገርም ንገሩት።