«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ከባሕር ዳር እስከ ካይሮ

በየዓመቱ የኪራይ ቤት የሚቀይር ሰው አለ እንበል። አንድ ቀን ትልቅ ቁም ሳጥንና ሶፋ ገዝቶ ከች ይላል። የጎጃም እናት ይህን አይታ ዝም አትልም፦ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል አሉ!»

ትርጉሙ ይኸው ነው። ራሱ የሚያርፍበት ሳይኖረው ሸክም የሚያበዛን ሰው ይነካል። የገዛ ኑሮው ሳይደላደል የሰው ጣጣ ለሚሸከምም ይነገራል። ሽሙጥ ነው፣ ግን እንደ ስድብ አይጎዳም።

መነሻው ዓባይን በክረምት ላየ ሰው ግልጽ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት እነ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ሲሞሉ አፈሩን ጠርገው፣ ዛፉን ነቅለው ለዓባይ ያስረክቡታል። እሱም ግንዱን እያንከባለለ ይነጉዳል። አይሠራበት፣ አያነደው!

ዙረቱም የምር ነው። ካርቱም ከጣና በሰሜን ምዕራብ በኩል ናት። ዓባይ ግን ከሐይቁ ሲወጣ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። ጎጃምን እንደ መቀነት ከዞረ በኋላ ነው ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው። ከባሕር ዳር ካርቱም በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ግን 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እጥፍ መሆኑ ነው።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ በፊትም፣ ውሃው መያዝ ሲጀምር፣ «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ያላለ ሰው አልነበረም። ተረቱ ግን ከአፍ አልጠፋም፤ ሰዉ መቼ መዞር ተወ?

የአየር መንገደኛውን እንኳ እንይ። ከባሕር ዳር ካይሮ በቀጥታ ቢበረር ወደ 2,140 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጄት ሦስት ሰዓት ገደማ። የተለመደው መንገድ ግን በአዲስ አበባ በኩል ነው። ካይሮ ወደ ሰሜን ሆና ሳለ መንገደኛው ልክ እንደ ዓባይ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል። ከዚያ ወደ ሰሜን ዞሮ 2,460 ኪሎ ሜትር ግድም፤ አራት ሰዓት አካባቢ። ሲደመር 2,800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

መቼም ካይሮ አዲስ መስመር አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በረራ ያደረገው በአስመራ በኩል ወደዚያችው ከተማ ነበር።

ተረቱ ልክክ የሚለው ግን አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱን በረራ ሲጠብቅ ሻንጣውን እየጎተተ ወንበር ለሚፈልገው ነው። ቦሌ አካባቢ አክስት ያለችው ጎጃሜማ ምን ገዶት! ማደሪያም እራትም አለው።